ቤታችን ሃያ ደቂቃ ላይ ሆኖ ልጄ ዶርም ልግባ ትላለች፤ ምን ትሉኛላችሁ?

እማማ_ሲልቨር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ነገሩ ከቤቴ ገባና ልጠይቃችሁ መጣሁ። የመጀመሪያ ልጄን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ተቀበላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ጋር ሌላ ግብዣ መጣ፦ ኮሌጅ ፓርክ ስኮላርስ የሚባል፣ ልጆቹ አንድ ዶርም እየኖሩ አብረው የሚማሩበት ፕሮግራም። እሷን የጋበዟት በዓለም አቀፍ ጤና ክፍል ነው። ደስታዋን አትጠይቁኝ።

እኛ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መንገድ ካልተዘጋጋ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ባለቤቴ "አልጋዋ እዚህ ተነጥፎ፣ ወጧ እዚህ ተሠርቶ ለሌላ አልጋ የምከፍለው ምን በድዬ ነው?" ይላል። ዋጋውን ስናየው እውነትም ያስደነግጣል፤ ለሜሪላንድ ነዋሪ ክፍሉና ምግቡ ሲደመር ከትምህርቱ ክፍያ ይበልጣል። እሱ ሌሊት ይነዳል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ነኝ፣ ከእሷ በታች ሁለት ልጆች አሉ። እሷ ደግሞ "እማዬ፣ እየተመላለስኩ ከሆነማ ፕሮግራሙ ምን ያደርግልኛል?" ትላለች። ጥቅሙ እውነት ነው ወይስ ከቤት መውጫ ሰበብ? መልስ መስጠት ያለብን እስከ ሜይ 1 ነው።

የድሮ_ተርፕ

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነበርኩ፤ ክፍሌ ሌላ ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው።

ፕሮግራሙ ከ1994 ጀምሮ ያለ፣ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነው። በውስጡ ኪነ ጥበብ፣ ዓለም አቀፍ ጉዳይ፣ ሕግና ፍትሕ፣ ሳይንስና ሌሎችም ክፍሎች አሉ። ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) አይደለም፤ ሜጀሯን እንደማንኛውም ሰው በራሷ ኮሌጅ ትማራለች። ከዚያ ላይ የሚጨመረው አነስ ያለ የውይይት ክፍል፣ ከርዕሱ ጋር የሚሄዱ ጥቂት ኮርሶችና ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ምርምር ሊሆን ይችላል፣ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ወይም በጎ ፈቃድ። ስትጨርስ ትራንስክሪፕቷ ላይ ይጻፍላታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያቺን መስመር አይቶ ማንም ሥራ አልሰጠኝም።

ዋናው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ 30 ሺህ ገደማ ተማሪ አለ። የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ስትገቢ አዳራሹ ሲኒማ ቤት ነው የሚመስለው፤ ቀረሽ አልቀረሽ ማንም አያውቅም። ዶርም ግን ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ያለችው ልጅ ያንኑ ኬሚስትሪ ትወስዳለች፣ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ሌሊት አንድ ጥያቄ አልገባሽም? በካልሲ ሄደሽ ታንኳኪያለሽ። የፕሮግራሙ ቢሮዎችም ሰሜን ካምፓስ ካምብሪጅ ኮሚዩኒቲ በሚባለው የዶርም ሰፈር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ስምሽን የሚያውቅ መምህር ይኖርሻል ማለት ነው።

ይኼ ለሐበሻ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። የፈረንጁ ልጅ አጎቱ ሐኪም ነው፣ የእናቱ ጓደኛ ላቦራቶሪ አላት፤ ኢንተርንሺፑ እራት ላይ ነው የሚያልቅለት። የእኛ ልጅ ማንን ትጠይቅ? ሦስተኛ ዓመት ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ የሚጽፍላት ሰው ከየት ይመጣል? እኔ የጻፉልኝ ሰዎች በሙሉ ከፕሮግራሙ ናቸው።

ጋሼ_መንገደኛ

የሚጽፍልሽ ሰው ለማግኘት በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ? ደብዳቤው በወርቅ ቀለም ነው የሚጻፈው?

እህቴ፣ ባለቤትሽን ስሚው። እዚህ አገር ልጅ አንዴ ከወጣች የምትመለሰው ልብስ ልታጥብ ነው። ሁለት ታናናሾች አሏት ብለሻል፤ ለእሷ የተደረገው ለእነሱም ይደረግ ይባላል። ቤት ትሁን፣ አሮጌ መኪና ግዙላት፣ የተረፈውን ለታናናሾቿ አስቀምጡ።

ተመላላሹ

ጋሼ ከሂሳቡ አንጻር ልክ ነዎት፤ እኔም ከርካሹ መንገድ ነኝ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሬ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ተዛወርኩ። በሁለቱ መካከል የዝውውር ስምምነት አለ፣ አማካሪም ይመድቡልሃል፣ መጨረሻ ላይ የምትይዘው ዲግሪ ያው ነው። ያለ ብድር ጨረስኩ።

ግን መመላለስ ነፃ አይደለም። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ከሁለት ክፍል መሃል የሚባክን ሦስት ሰዓት አለ። ከሁሉ የሚያበሳጨው የቡድን ሥራ ነው። ልጆቹ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ "ላውንጅ እንገናኝ" ይላሉ፤ አንተ በዚያን ሰዓት ቤትህ እራት ላይ ነህ፣ አባትህ ደግሞ "በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?" ይላል። ሲደጋገም መጥራቱን ይተዉታል። ክፍል ገብቼ እወጣለሁ፣ ማንንም ሳላውቅ ተመረቅሁ ማለት ይቻላል። ይኼ ስኮላርስ የሚባለው ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች ስለሆነ እኔ በመጣሁበት በኩል አይገኝም።

እማማ፣ ሁለቱንም መንገድ አስሉት። ግን ስታሰሉ መኪናውን "ነፃ" ብላችሁ አትቁጠሩ።

ፍሬሽ_ነበርኩ

ይኼ ሁሉ ክርክር ይገርመኛል። አገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማርን ሁላችንም ዶርም ነው ያደግነው እኮ! ማን ጠየቀን? ትምህርት ሚኒስቴር መደበህ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስህን ይዘህ አውቶቡስ ተሳፈርክ፣ አለቀ። እናቴ ዩኒቨርሲቲውን ያየችው የተመረቅኩ ቀን ነው።

እኔ የገባሁበት ክፍል ተደራራቢ አልጋ የሞላበት ነበር። ከላዬ የተኛው የወለጋ ልጅ፣ ከጎኔ የጎንደር፣ በሩ ጋ የጅግጅጋ። ኦሮምኛ የቻልኩት ከዚያ አልጋ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ስድቡን፣ ቀጥሎ ዘፈኑን፣ በመጨረሻ ቁም ነገሩን። ትምህርቱንም ቢሆን ከሌክቸር ይልቅ ዶርም ነው የተማርኩት። አንድ ቸካይ ልጅ ነበረን፤ ካልኩለስ ለእሱ ውሃ ነው። ፈተና ሲደርስ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ያስረዳን ነበር፣ ከሌላ ብሎክ ሳይቀር እየመጡ በር ላይ ይቆማሉ። ሲኒየሮቹ ያለፈ ዓመት ፈተናና የተሠራ ወርክሺት ያወርሱናል። ካፌ ምግቡ ሲያስጠላን ደግሞ ከቤት የመጣ በሶና ጭኮ ለክፍሉ በሙሉ ይከፈታል። ብቻውን የሚበላ ሰው ስሙ ይጠፋ ነበር!

እንደገባኝ ከሆነ አሜሪካኖቹ ያንን ሆን ብለው ለመፍጠር ነው የሚደክሙት። እኛ በእጦት ያገኘነውን እነሱ በፕሮግራም ያደርጉታል። እኔ ብሆን እልካት ነበር።

ጋሼ_መንገደኛ

አንተን መንግሥት አብልቶ አስተኝቶ ነው ያስተማረህ። እሷን የሚያበላት አባቷ ነው። እኩል አታድርገው።

ፍሬሽ_ነበርኩ

ጋሼ በነፃ አልነበረም፤ ወጪ መጋራት የሚባል ነገር ፈርመን ነው የወጣነው። ያበሉንን ሽሮ ሳይቀር አስልተው በዕዳ ጽፈውብናል።

የኔታ_ደጅ

ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ ከመምህሩ ደጅ እየኖረ መማሩን አሜሪካ የፈጠረው የሚመስላችሁ አላችሁ ልበል? ቅኔ ሊማር ዋሸራ፣ ድጓ ሊማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ዙር አባ የወረደ ተማሪ የት ነበር የሚያድረው? የኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ነው። ቀን ቁራሽ ለምኖ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቀለሙን ይከልሳል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ጋ ከመድረሱ በፊት በጓደኞቹ አፍ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ቅኔ ያወቀ ሰው አልገጠመኝም። እንዲያውም ሆን ብሎ አገር አቋርጦ ይሄድ የነበረው ዘመድ እየመጣ "ና ከብት ጠብቅ፣ ና ሚስት አግባ" እንዳይለው ነው። ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ያለች እናት ምን ያህል ጊዜ "ነይ ታናሽሽን ከትምህርት ቤት አምጪልኝ" እንደምትል አስቡት።

ከወሎ

ደረሳውም፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ እንዲሁ ነው። ዳና ሼሁ ጋ ሊቀራ የሄደ ልጅ ከሼሁ ደጅ ነው የሚከርመው፤ ኪታቡን ከሼሁ ይሰማል፣ የሚያስጠናው ግን አብሮት ያለው ታላቁ ደረሳ ነው። የኔታ_ደጅ ጥሩ ነገር አነሳህ።

ጋሼ_መንገደኛ

የቆሎ ተማሪም ደረሳም ኪራይ አይከፍሉም።

(ግን ስለ ታናሽ ማምጣቱ የተባለው እውነት ነው። የእኔ ልጅ ቤት እየኖረች ስትማር ሐኪም ቤት አስተርጓሚያችን፣ የባንክ ጸሐፊያችን፣ ሾፌራችን ነበረች። ይኼን ለክርክር አትጠቀሙበት።)

አስተማሪው

ለክርክር እጠቀምበታለሁ ጋሼ፤ የሐበሻ ተመላላሽ ተማሪ እውነተኛ ችግር እሱ ነው። በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰዓት ቀላሉ ነው፤ ቤት ከደረሰች በኋላ የሚወስድባት ሥራ ነው ከባዱ።

የአሜሪካኖቹ ታሪክ ለሚፈልግ፦ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1927 ተማሪና መምህር አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚያነቡበትን የሙከራ ኮሌጅ አሌክሳንደር ሚክልጆን የሚባል ፈላስፋ ጀመረው፤ እስከ 1932 ቆይቶ ተዘጋ። ዬል የመኖሪያ ኮሌጆቹን የከፈተው በ1933 ነው፤ ገንዘቡን ኤድዋርድ ሃርክነስ የሚባል ባለጸጋ ሰጠ። ያኔ ነገሩ የጥቂቶች ነበር። ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኋላ የወሰዱት ተማሪው ሲበዛባቸውና ልጁ በብዛቱ መሃል ሲጠፋባቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። እነዚህ ፕሮግራሞች "ተማሪዎቻችን የተሻለ ውጤት አላቸው" ብለው ይኩራራሉ። የጋበዟቸው መጀመሪያውንም ጎበዞቹን እኮ ነው! ልጅሽ ጎበዝ ከሆነች ቤትም ሆና ታልፋለች። ስለዚህ ጥያቄው ታልፋለች ወይስ ትወድቃለች አይደለም። በዚያ አንደኛ ዓመት ማንን ታውቃለች፣ ምን ትሞክራለች፣ ከማን ጋር ትከራከራለች ነው። ለዚያ የሚከፈል ዋጋ ለእናንተ ቤት ይከብዳል ወይስ አይከብድም የሚለውን ደግሞ እኛ ከውጭ ሆነን ልንነግርሽ አንችልም።

እማማ_ሲልቨር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ለባለቤቴ እያነበብኩለት ነው። ስለ ታናሽ ማምጣቱ የተጻፈውን ስደርስበት ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

እንደ እናት የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር አለ። ወንድና ሴት አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት የሚባለው እውነት ነው? መጠጡስ? ደግሞ ትጾማለች፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ምን ትበላለች?

የድሮ_ተርፕ

ፎቁ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ክፍሉ ግን የሴት ከሴት ጋር ነው። በየፎቁ አርኤ የሚባል ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ ይኖራል፤ ሕግ ያስከብራል፣ የታመመ ይከታተላል፣ ተጣልተው ያደሩ ክፍል ተጋሪዎችን ያስታርቃል። ወደ ሕንፃው ያለ ካርድ አይገባም። መጠጥ የፈለገ ከቤቱም እየተነሳ ይጠጣል፤ እሱን እኔ አልዋሽሽም።

ለጾሙ አትጨነቂ። የሥጋም የወተትም ዘር የሌለበት ምግብ በየቀኑ አለ፤ በመመገቢያዎቹ አንዴ ከገባች የፈለገችውን ያህል ትወስዳለች። ሰሜን ካምፓስ ያለው መመገቢያ ስሙ ምን ይመስልሻል? "251 ኖርዝ"። የአገራችንን ስልክ ኮድ በር ላይ የለጠፈ ካፌ ሌላ የት ይገኛል? መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ በሙሉ ላክሁ።

ከወሎ

ለሮመዳን ደግሞ አስቀድሞ መመገቢያውን መጠየቅ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለሱሑር የሚቋጠር ምግብ ያዘጋጃል፤ ካልጠየቅህ ግን ማንም አይነግርህም። ልጄ ሌላ ስቴት ናት፣ ቴምርና የእናቷን ሳምቡሳ ፍሪዘር ውስጥ አድርጋ ነው የምታልፈው። ፎቁ በሙሉ ሳምቡሳ ለምዷል አሉ።

ሶፎሞር_ነኝ

እዚህ ሁሉም ትልቅ ሰው ስለሆነ ትንሽ ልናገር። ሌላ ስቴት ነው ያለሁት፣ ተመሳሳይ ፕሮግራም ውስጥ።

የሚወራውን ያህል ማር አይደለም። ፎቃችን ላይ ያለው ሁሉ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ነው። ፈተና ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ "ስንት አመጣሽ?" ብቻ ነው የሚሰማው። ትምህርቱን ለመርሳት የምትሸሽበት ቦታ የለም፤ የምትተኛበትም የምታጠኚበትም አንድ ነው። ፎቁ ላይ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ከብዶኝ ነበር። የዳንኩት የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ሳገኝ ነው፤ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣ አንዱ እንጀራ ያመጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጓደኛ ይሰጠኛል ብላ እንዳትቀመጥ፣ ራሷም ትፈልግ።

ሌላው ለወላጆች፦ እባካችሁ በየሰዓቱ አትደውሉ። እናቴ ካላነሳሁ ፖሊስ ልትጠራ ነው የምትደርሰው።

አሁን ውጣ ብትሉኝ እወጣለሁ? አልወጣም። ባዮሎጂ ያለፍኩት ኮሪደር ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነው።

እናት_ለእናት

እማማ፣ ማንም ያልነገረሽን እኔ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። በ1974 የወጣ ፌርፓ የሚባል ሕግ አለ። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ውጤቷን የማየት መብቱ የእሷ ነው። ብትደውይ አይነግሩሽም፣ ከፋዩ እኔ ነኝ ብትይም እሷ ፈቅዳ ካልፈረመች አብዛኛውን ጊዜ አይሰጡሽም። ዶርምም ሆነች ቤት ያው ነው። የእኔ ባለቤት "ልጄ አይደለችም እንዴ?" ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸ። ስለዚህ ቤት ብናስቀራት እንቆጣጠራታለን የሚለው ሐሳብ ግማሹ ከንቱ ነው። ከመግባቷ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ፤ ውጤቷን ራሷ እንድታሳያችሁ።

ተመላላሹ

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። ለተማሪ የሚሰጠው የገንዘብ ዕርዳታ ሂሳብ ሲሠራ ከወላጅ ጋር ለሚኖርና ዶርም ለሚኖር ተማሪ የሚያዘው የኑሮ ወጪ ይለያያል። ስለዚህ የት እንደምትኖር ለዩኒቨርሲቲው የምትሉትን አስቡበት፤ ዶርም ስትሉ የሚሰጣችሁ ሊለወጥ ስለሚችል ወደ ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ደውላችሁ በሁለቱም አስልተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ አንደኛ ዓመት ተማሪ በራሷ ስም ከፌዴራል መንግሥት ልትበደር የምትችለው እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ያ ይቻላል። ወላጅ በስሙ የሚበደረውን ግን ባትነኩት እመርጣለሁ። ታናናሾቹም ይመጣሉ።

ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ዶርም ማለት አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ቤት የሚመለስ ብዙ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ አርኤ ከሆነች ደግሞ የክፍሉ ዋጋ የሚቀርበት ወይም የሚቀንስበት መንገድ አለ።

ጋሼ_መንገደኛ

አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ እኔም ዝም እላለሁ። ግን በጽሑፍ ይሁን።

አባትየው (አዲስ አባል)

ጤና ይስጥልኝ። የእማማ_ሲልቨር ባለቤት ነኝ። ሌሊት አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ባለቤቴ ስታነብልኝ የዘለለችውንም አግኝቼዋለሁ።

እኔ ስስታም ሆኜ አይደለም። ቢሮው ጋ ደውለን በሁለቱም አስሰላነው፤ ልዩነቱ ከፈራሁት አነሰ፣ ግን አለ። ልጅቱን አስቀምጬ ጠየቅኋት፦ "እዚያ አድረሽ እዚህ የማታገኚው ምንድን ነው?" አልኳት። አለቀሰች ብላችሁ ነው? ወረቀት ይዛ መጣች። የትኛውን መምህር ማግኘት እንደምትፈልግ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ የት መሥራት እንደምትፈልግ፣ ሁሉን ጽፋዋለች። ይኼን ሁሉ መቼ እንዳሰበችው አላውቅም። አንደኛውን ዓመት ትግባ አልን። ሁለተኛውን ያኔ እናያለን። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን እኔው ሄጄ አመጣታለሁ፤ ይኼ የእኔ ሁኔታ ነው፣ ተስማምታለች። ጋሼ እንዳሉት በጽሑፍ ነው።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ዛሬ አንሶላ ልገዛ ገብቼ ሻጩ የአልጋውን ልክ ጠየቀኝ፤ ተራ ነጠላ አልጋ አይደለም ወይ?

ሶፎሞር_ነኝ

አይደለም አባባ። የዶርም አልጋ ርዝመት አለው፣ "ትዊን ኤክስኤል" በሏቸው። ተራውን ከገዙ ሌሊት ከአንዱ ጥግ እየወጣ ያስቸግራታል። ሁለት ይግዙ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲኖር። ማራገቢያም ጨምሩ፤ መግቢያው ኦገስት ላይ ነው።

የድሮ_ተርፕ

መኬልዲን ላይብረሪ ፊት ለፊት የዔሊ ሐውልት አለ፣ ቴስቱዶ ይባላል። ተማሪው አፍንጫውን እየነካ ነው የሚያልፈው፣ የፈተና ሰሞን ደግሞ ብስኩት፣ ሻማ፣ ምን የማይቀርብለት አለ። ልጅዎን እንዲህ ስታደርግ ባዩዋት ጊዜ ስለት ገባች ብለው እንዳይደነግጡ አባባ። አንሶላው ላይ ግን ልጁ ልክ ነው፤ ርዝመቱ 80 ኢንች ነው።

አባትየው

80 ኢንች። ያዝኩ። ዔሊውን ለእናቷ አልነግራትም።